ልጁ የእናቱን የባንክ ካርድ ይዟል፤ ተንከባካቢዋ ለማን ትናገር?

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር በኬር ወርከርነት ነው የምሠራው። ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት እናት የመርሳት በሽታ ጀምሯቸዋል። የባንክ ካርዳቸውን የያዘው ልጃቸው ነው። ፍሪጁ ባዶ እየሆነ መጥቷል፤ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ስጠይቃቸው «ልጄ ገንዘብ አጥሮት ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ይሉኛል። ማናጀሬ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አትግቢበት» አለችኝ። ያለሁት በስፖንሰር ቪዛ ነው። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ? ዝም ብልስ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝም አይበሉ። የልጁን ጥፋት ማረጋገጥ ግን የእርስዎ ሸክም አይደለም። ያዩትንና የሰሙትን ለሚመለከተው ማድረስ ነው የእርስዎ ድርሻ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኬር አክት (የእንክብካቤ ሕጉ) አንቀጽ 42 ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ እንዲያጣራ ያስገድደዋል። ሰውየው እንክብካቤ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በደል እየደረሰበት ወይም ሊደርስበት የሚችል ከሆነ፣ በዚያው ችግሩ ምክንያትም ራሱን መከላከል ካልቻለ ማለት ነው። ለዚህ ማስረጃ አይጠየቅም፤ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት መኖሩ ይበቃል። ሕጉ የገንዘብ በደልንም በስም ይጠራል፦ ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ በገንዘብ ጉዳይ ጫና ማድረግ፣ የሰውን ገንዘብ ያላግባብ መጠቀም። በዳዩ ልጅ ስለሆነ የሚቀር ነገር የለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «ለማንም እንዳትነግሪ» ያሉት ነው። እ.ኤ.አ. የ2005 ሜንታል ካፓሲቲ አክት (ስለ ራስ የመወሰን አቅም የወጣው ሕግ) የሚነሳው አዋቂ ሰው ለራሱ መወሰን ይችላል ከሚል ግምት ነው። የመርሳት በሽታ ስለጀመራቸው ብቻ መወሰን አይችሉም አይባልም። ለልጃቸው ገንዘብ መስጠት መብታቸው ነው፤ ለእኛ ሞኝነት ቢመስለንም። ጥያቄው ወደው ነው ወይስ ፈርተው የሚለው ነው። ስንት እንደወጣ ያውቃሉ? እምቢ ቢሉ ልጃቸው ይቀየመኛል ብለው ይሰጋሉ? ይህን አጣርቶ መመዘን የሶሻል ወርከር ሥራ ነው፤ ካውንስሉም ፍላጎታቸውን መጠየቅ አለበት። እርስዎ ግን ምስጢር እጠብቃለሁ ብለው ቃል አይግቡላቸው። «ስላሳሰቡኝ ለሚመለከተው መናገር አለብኝ፤ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» ይበሏቸው። ከጀርባቸው ከመሄድ ይህ ይሻላል። ክብራቸው ነው።

ሪፖርቱ ላይ «ልጁ ገንዘባቸውን እየበላ ነው» ብለው አይጻፉ። እንዲህ ይጻፉ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ፍሪጁ ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ ወተትና አንድ እንቁላል ብቻ ነበር። ማሞቂያው ጠፍቷል። ‹ካርዱ ልጄ ጋ ነው፣ አርብ አመጣለሁ ብሎ ነበር› አሉኝ።» ቀን፣ ያዩት ነገር፣ የእሳቸው ቃል። በቃ። ልጁን አያፋጥጡት። በስልክዎ ፎቶ አያንሱ። አዝነው ካርዱን ተቀብለው ዕቃ ልግዛልዎ ቢሉ ደግሞ ነገ ጥርጣሬው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል።

ልጁ «ውክልና አለኝ» ሊል ይችላል። ሰው የመወሰን አቅሙን ቢያጣም የሚቀጥለው ውክልና (ላስቲንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ) የሚሠራው በፐብሊክ ጋርዲያን ቢሮ ከተመዘገበ ነው። ቢመዘገብም ገንዘቡን የልጁ አያደርገውም፤ ለእናቱ ጥቅም ብቻ ነው ሊያወጣው የሚችለው። እምነት ተጥሎበት በማታለል ለራሱ ያዋለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 የማጭበርበር ሕግ እስከ 10 ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል።

ማናጀርዎን በቃል ነግረዋታል። አሁን በሥራ ኢሜይል ይጻፉላት። ድርጅቱ የበደል ጥርጣሬ ሲቀርብለት የእንክብካቤ ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለኬር ኳሊቲ ኮሚሽን (ሲኪውሲ) የማሳወቅ የራሱ ግዴታ አለበት፤ «አትግቢበት» ማለት መልስ አይሆንም። ካልተንቀሳቀሰች ለካውንስሉ የአዋቂዎች ሴፍጋርዲንግ (ከበደል መጠበቂያ) ክፍልና ለሲኪውሲ ይናገሩ። የካውንስሉን ስልክ የድርጅትዎ ፖሊሲ ላይ ያገኙታል። ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ነገር ካዩ ግን ማናጀር አይጠብቁ፣ 999 ይደውሉ። የግል መረጃ ሕጉም ለሚመለከተው አካል ከመናገር አያግድዎትም። የሥራ ባልደረቦች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ማውራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ይተዉት።

ዝም ቢሉ በወንጀል መከሰስዎ ሩቅ ነው። በዲሲፕሊን ግን መጠየቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ «ማናጀሬ ተይው ብላኝ ነው» ማለት ብዙ አያድንም።

ስለ ሥራዎ፦ እ.ኤ.አ. የ1996 የሠራተኞች መብት ሕግ እውነት ነው ብሎ በምክንያት አምኖ፣ ለሕዝብ ጥቅም የተናገረን ሠራተኛ ይጠብቃል። ለአሠሪው ወይም ለሲኪውሲ የተናገረ ጥበቃው ጠንካራ ነው። በዚህ ምክንያት ማባረር ሕገወጥ ነው፤ ስንት ጊዜ ሠሩ አይባልም። «አትናገሪ» የሚል ውል ፈርመው ቢሆን እንኳ ይህን መብት አይነጥቅዎትም። ቢያባርሩዎት ግን አይዘግዩ። ክርክሩ እስኪያልቅ ደመወዝዎ እንዲቀጥል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱን (ትራይቡናሉን) ለመጠየቅ ያለዎት ጊዜ 7 ቀን ብቻ ነው። ፕሮቴክት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነፃ ያማክራል።

ቪዛው ላይ እውነቱን ልንገርዎ። ይህ ጥበቃ ስፖንሰርሺፕዎን አያቆይልዎትም። ሥራው ከተቋረጠ አሠሪው ቪዛ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለሆም ኦፊስ ያሳውቃል። ሆም ኦፊስም አብዛኛውን ጊዜ ቪዛውን ወደ 60 ቀን ያሳጥረዋል፤ ቀሪው ጊዜ ከዚያ ካነሰ ያው ቀሪው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ስፖንሰር መፈለግ ይኖርብዎታል። ስለዚህ ተናድደው መልቀቂያ አያስገቡ። ለማን፣ መቼ፣ ምን እንደተናገሩ የእናትየዋን ስምና አድራሻ ሳይጽፉ የራስዎ ማስታወሻ ላይ ይያዙ። የቪዛ ምክር ደግሞ ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ ብቻ ይውሰዱ፤ ከኢሜይሉ በፊት ቢያገኙት ጥሩ ነው፣ ቀጠሮው ቢርቅ ግን ኢሜይሉን አያቆዩት።