መልስ፦ ከሐረር ያመጣናት ልጅ ለእንግዳ ሁሉ ትታቀፋለች፣ እኔን ግን ትሸሻለች

ከሐረር ሕፃናት ማሳደጊያ ወስዳችሁ ድሬዳዋ ቤታችሁ ያመጣችኋት ልጅ የምትሸሽሽ ስለጠላችሽ አይደለም። ማሳደጊያ ውስጥ ተንከባካቢዎች በፈረቃ ይቀያየራሉ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ የተገኘው ሰው እቅፍ ውስጥ መግባትን ቶሎ ትለምዳለች። አንድ እናት ብቻ መኖርን ገና አላየችም። ስለዚህ ለጊዜው የምታጎርሷት፣ የምታጥቧት፣ ስታለቅስ የምታነሷት አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ሁኑ። እንግዳ ያጫውታት እንጂ አያቅፋት፣ አያጉርሳት። ስትሸሽሽ አትጎትቻት፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ በይ፣ ራሷ ትመጣለች።

ሌሊት እየነቃች ታለቅሳለች ላልሽው፣ ይዛው የመጣችውን ብርድ ልብስ ለጊዜው አትጠቢው። ከምታውቀው ቤት የቀራት ሽታ እሱ ነው። ማሳደጊያው ደውለሽም በምን ቋንቋ ያባብሏት እንደነበር ጠይቂ። ኦሮምኛ ወይም ሐረሪ ከሆነ ሁለት ሦስት ቃል ያዢ፤ ድሬ ላይ የሚያስተምርሽ ጎረቤት አታጪም።

ሙቀቱንም አትርሺ። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ልጅቷ የለመደችው ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ስስ ጥጥ አልብሻት፣ ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውሃ እጠቢያት፣ የምትጠጣውም ውሃ ቅርብ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከቤቴ ስላየሁት ልንገርሽ። ዘመድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ተሰብስቦ ሲመጣ ልጃችን ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ትውልና ማታ እህል አልቀምስ ትል ነበር። ሰው ሲበዛባት እንዲህ ነው የምትደክመው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንግዳ ቀንሺ። ቅር የሚለው ካለ ባለቤትሽ ያስረዳው፣ አንቺ ከእሷ አትራቂ።