የሕግ ምክር፦ «እኔ ገንዘብ ሰብሳቢ ብቻ ነኝ»

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቤጂንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሐበሻ ተማሪዎች ጋር ታላቁን የቻይና ግንብ በእግር ልንጎበኝ አስበናል። የታወቁት ቦታዎች ሰው ስለሚበዛባቸው ጂያንኮው የሚባለውን ያልታደሰ ክፍል መርጠናል። ጎህ ሲቀድ የሚነሳው ፎቶ ጉድ ነው ይላሉ። የቀን ጉዞ ነው፤ በዚያው ቀን ደርሰን እንመለሳለን። መንደርተኞቹ መግቢያ ስለሚያስከፍሉ ችግር የለውም ተብለናል። ግንቡ ላይ ቡና ለማፍላትም አስበናል። 26 ሰው በነፍስ ወከፍ 260 ዩዋን ከፍሏል። ማስታወቂያውን ዊቻት (የቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ) ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ገንዘቡም እኔ ጋ ነው፤ ግን እኔ ገንዘብ ሰብሳቢ ብቻ ነኝ። ሁሉም ‹ለሚደርስብኝ ነገር ራሴ ኃላፊ ነኝ› ብሎ በዊቻት ጽፏል። ጉዟችን ሕጋዊ ነው? የፓስፖርት ኮፒስ ይበቃናል?»

መልስ፦ ጂያንኮው አትሂዱ። ኮፒ አይበቃም። ቡናው እቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይሂድ። ላንተ አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከግንቡ ይልቅ አንተን የሚመለከት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስህ። የጥብቅና ፈቃዴ የኢትዮጵያ ነው። የቻይናን ሕግ የማውቀው እዚያ የሚማሩና የሚነግዱ ደንበኞቼን ፋይል ሳገላብጥ ነው። ስለዚህ ይህን ለመነሻ ያዘው እንጂ የመጨረሻ ቃል አድርገህ አትውሰደው። ከመነሳታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲህን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቅ። ከተቻለም አንድ ቻይናዊ ጠበቃ አማክር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የቦታውን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ቻይና ለግንቡ ብቻ የወጣ የጥበቃ ደንብ አላት። ከዲሴምበር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ይሠራል። ጡብ መውሰድ፣ አፈር መዛቅ፣ ስም መቅረጽ፣ በመኪና መሻገር ክልክል ነው። ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ ክልከላም አለ፤ ለጎብኚ ባልተከፈተ የግንቡ ክፍል ላይ በተደራጀ መልክ እንቅስቃሴ ማካሄድ። «በተደራጀ መልክ» የምትለዋን ቃል ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

ጂያንኮው ለጎብኚ አልተከፈተም። መነሻው በሆነችው ሺጃዝ መንደር በኩል መውጣት ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል። መንደርተኛው ጥቂት ዩዋን ቢቀበልህ ግንቡን የመክፈት ሥልጣን የለውም። እስቲ አዲስ አበባ ላይ አስበው። ክልክል ቦታ መኪናህን አቁመህ ለፓርኪንግ ልጁ 20 ብር ብትሰጠው ትራፊኩ ይምርሃል?

አደጋውም ቀልድ አይደለም። የጂያንኮው ግንብ በገደል ጫፍ ላይ ነው የሚሄደው። ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ መደገፊያ የለውም፣ ዝናብና መብረቅ ሲመጣ ቶሎ የሚወረድበት መንገድ አይገኝም። አንዱን ዳገት ቻይናዎቹ ንስር እንኳ ተንጋሎ የሚበርበት ነው ይሉታል። ከ26 ሰዎቻችሁ ስንቱ ነው ተራራ የሚያውቀው? ስንቱስ ነው በስኒከር የሚመጣው?

አሁን ወዳልነገርከኝ ነገር ልምጣ።

«የቀን ጉዞ» ብለሃል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ግንቡ ላይ ትሆናላችሁ። በዚያ ወቅት ቤጂንግ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከምናምን ነው። ከከተማው እስከ መንደሩ የመኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ዳገቱ አለ። ስለዚህ ወይ በሌሊት በባትሪ ትወጣላችሁ፣ ወይ ዋዜማውን መንደሩ ታድራላችሁ። የመጀመሪያው እብደት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ሕግ ያስነሳል። የውጭ ዜጋ ከሆቴል ውጭ ሲያድር በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት። የገበሬው ቤት አከራይ ይህን ያደርግላችኋል? ካላደረገ ማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 2,000 ዩዋን ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ለእኔ «የቀን ጉዞ» ብለህ ስትጽፍ ማደሪያውን ተነጋግራችሁ የጨረሳችሁ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ቁጭ ብለን እንደምር። 26 ሰው በ260 ሲባዛ 6,760 ዩዋን ነው። 26ቱ አንተን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? መኪናው ስንት ነው? ምሳውስ? የሚተርፍ ካለ ወደየት ይሄዳል? ይህን አልጻፍክም። ጠበቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነበው ያልተጻፈውን ነው።

«እኔ ገንዘብ ሰብሳቢ ብቻ ነኝ» የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደሰማሁት ልቆጥረው አልችልም። አንዴ እዚሁ አገር ውስጥ ለገዳም ጉዞ ሰው ያሰባሰበ ወጣት ቢሮዬ መጣ። እጅግ ቅን ልጅ ነበር። አንዲት እናት መወጣጫው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የቤተሰቡ ጠበቃ ፋይሉን ሲከፍት ያገኘው የገዳሙን ስም አልነበረም፣ የሹፌሩንም አልነበረም። 41 ቁራጭ ደረሰኝ አገኘ፤ ሁሉም ላይ የዚህ ልጅ ስምና ፊርማ ነበረበት። ልጁ ከዚያ ጉዞ አንድ ብር አላተረፈም። ያንን ለማስረዳት ግን ወራት ፈጀብን፤ ሒሳቡን አልጻፈውምና።

የአንተም ደረሰኝ አለ፤ ዊቻት ላይ ነው። ማስታወቂያውን የለጠፈ አንተ፣ ቀኑን የቆረጠ አንተ፣ ገንዘቡን የተቀበለ አንተ፣ መኪና የሚከራይ አንተ። እንግዲህ «በተደራጀ መልክ» ወዳልኩህ ቃል ተመለስ። 26 ሰው፣ አንድ መኪና፣ አንድ ማስታወቂያ። ይህ ካልተደራጀ ምን ይደራጃል? ደንቡ ለግለሰብና ለድርጅት በተለያየ ልክ ቅጣት አስቀምጧል። ፖሊስ ወይም የቅርስ ጥበቃ ሰው ቢመጣ 26ታችሁን እኩል አያይም። «ማን ነው ያመጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። 25 ጣት ወዳንተ ይዞራል።

ከዚያ የሚከብደው የጉዳት ካሳው ነው። «ራሴ ኃላፊ ነኝ» ብለው የጻፉልህን መልእክት ትልቅ ጋሻ አድርገኸዋል። ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 506 ግልጽ ነው፤ በሌላው ሰው አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት «አልጠየቅም» የሚል የውል ቃል ዋጋ የለውም። በቃ፣ ወረቀት ነው። አንቀጽ 1198 ደግሞ የብዙ ሰው እንቅስቃሴ የሚያደራጅ ሰው የተሳታፊዎቹን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል።

«አደጋ እንዳለው እያወቀ የገባ ሰው አይካስም የሚል ሕግ አለ» የሚልህ ጓደኛ አይጠፋም። አለ፣ አንቀጽ 1176 ነው። ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው። አንቀጹ የሚከላከለው አብሮ የሚጫወተውን ተሳታፊ ነው። ስለ አደራጁ ሲሆን መልሶ ወደ 1198 ይልክሃል። ደንበኞቼ ግማሹን አንቀጽ አንብበው ደስ ብሏቸው የሚመጡት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

እስቲ አስበው። ከልጆቹ አንዷ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እግሯ ከድንጋይ ድንጋይ ሲሻገር ይከዳታል። ስልክ እየቆራረጠ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኞች እስኪደርሱ ሰዓታት ያልፋሉ። በቻይና የቱሪዝም ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት ከማዳን ወጪው ግለሰቡ የሚሸከመው ድርሻ ካለ ይከፍላል። ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ «በተከለከለ ቦታ ምን ትሠራ ነበር?» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ለማን የሚደውሉ ይመስልሃል?

ስለ ትርፉ ደግሞ። ያለ ፈቃድ የጉዞ ወኪል ሥራ መሥራት በዚያው የቱሪዝም ሕግ ከ10,000 እስከ 100,000 ዩዋን ያስቀጣል። የተገኘው ገቢም ይወረሳል። አንተ ደግሞ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለህ። ተማሪ ከተፈቀደለት ውጭ ሠርቶ ገንዘብ ቢያገኝ ሕገወጥ ሥራ ተብሎ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል። ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን እስር ይታከልበታል። ጓደኛሞች ወጪ ተካፍለው መሄዳቸው ንግድ አይደለም። ግን መካፈል መሆኑን የሚያሳየው ሒሳቡ ነው። «ቀሪዋ ለድካሜ» ያልክ ቀን ታሪኩ ይለወጣል። ስኮላርሺፕ ላይ ያለህ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱን ከፍለህ የምትገላገለው ነገር ላይሆን ይችላል። ውልህን አውጥተህ አንብብ።

የውጭ ዜጋ ሲሆን አገር ማስለቀቅም አለ። በ2025 ሁለት የውጭ ጎብኚዎች፣ አንዱ ግንቡ ላይ ሱሪውን አውርዶ ሌላዋ ፎቶ በማንሳቷ፣ ታስረው ከአገር እንዲወጡ መደረጋቸው በዜና ተሰምቷል። በ2023 ደግሞ ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ለማሳጠር ብለው ግንቡን በኤክስካቫተር ሰንጥቀው ተይዘዋል። እናንተ ኤክስካቫተር የላችሁም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከ26 ሰው መሐል «እዚህ ነበርኩ» ብሎ በቁልፍ ጡብ የሚጭር አንድ አይጠፋም። ድሮን ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ቤጂንግ ላይ ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም። ሁለቱንም አስቀድመህ በግልጽ ከልክል።

ቡናውን በተመለከተ አዝናለሁ። ጀበናና ከሰል ተራራ ላይ ደስ ይላል። ግን በቤጂንግ ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 31 የደን እሳት መከላከያ ወቅት ነው። የፋሲካ ሰሞን ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ክብሪት እንኳ ቦርሳ ውስጥ አይግባ።

ታዲያ የት ትሂዱ? እውነተኛ የእግር ጉዞ ከፈለጋችሁ ጂንሻንሊንግ። ከቤጂንግ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሄቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚረዝም ግንብና 67 ማማዎች አሉት። ከፊሉ ታድሷል፤ ከፊሉ ሣር እንደወረሰው አለ። ጂያንኮው ላይ የምትፈልጉትን ያንን ያረጀ መልክ በትኬት ታገኙታላችሁ። ድሮ ከዚያ ተነስቶ እስከ ሲማታይ መሄድ ይቻል ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። የቆየ ጽሑፍ አንብቦ «እንሻገር» የሚል ካለ አትስማው።

አቅሙ የተለያየ ሰው ካለባችሁ ሙቲያንዩ ይሻላል። ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ኬብል ካር አለው። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። የታደሰው ክፍል በምዕራብ በኩል ሲያልቅ መንገዱ ወደ ጂያንኮው ይቀጥላል። ክልከላውን አልፈው የሚሄዱ ታያላችሁ። አትከተሏቸው። ሁዋንግሁዋቼንግ የሚል ስም ከሰማችሁም ተጠንቀቁ፤ በትኬት የሚገባበት የሐይቅ ዳር ጉብኝት ቦታና ያልተከፈተ ግንብ አንድ ስም ይጋራሉ። ታክሲው የቱ ጋ እንደሚያወርዳችሁ በቻይንኛ አስጽፋችሁ ያዙ።

ዋናውን ፓስፖርት ያዙ። ዕድሜው 16 የሞላ የውጭ ዜጋ ሁሉ ዋናውን ሰነድ መያዝ ግዴታው ነው። ከሄቤይ ወደ ቤጂንግ ስትመለሱ ኬላ ላይ መኪናው ሊቆም ይችላል። ፓስፖርቱ ለእድሳት የገባበት ልጅ ካለ የተሰጠውን ደረሰኝ ዋናውን ይያዝ። ከመሄዱ በፊትም የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን ይጠይቅ። መኪናውን ሰው የማመላለስ ፈቃድ ካለው ድርጅት በጽሑፍ ውል ተከራዩ። ከዚያም የተሻለው ነገር ጉዞውን ፈቃድ ያለው የጉዞ ወኪል እንዲያዘጋጀው ማድረግ ነው። ውሉ በወኪሉ ስም ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰው በቀጥታ ለወኪሉ ይክፈል። አንተ እንደማንኛውም ሰው መቀመጫህን ይዘህ ሂድ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ይህን አድርግ። ለሁሉም «የጂያንኮው ጉዞ ተሰርዟል» ብለህ ጻፍ። 260ውን ዩዋን ለእያንዳንዱ በተቀበልክበት መንገድ መልስ፤ ጥሬ ገንዘብ በእጅ አትስጥ። የድሮውን ማስታወቂያ ለማጥፋት እጅህ ሊያሳክክህ ይችላል። አታጥፋው። መሰረዝህንና መመለስህን የሚያሳየው ያው ግሩፕ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንስተህ አስቀምጠው።