ሳይኮሎጂ ላይ ኧርሊ ቻይልድሁድን ማይነር ልጨምር ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ሜሪላንድ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ዴይኬር እየሠራሁ ነው፣ ኧርሊ ቻይልድሁድን ማይነር ብይዝ ያዋጣኛል ወይ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። (ለማያውቅ፦ ኧርሊ ቻይልድሁድ የትንንሽ ልጆች ትምህርት ነው፤ ማይነር ደግሞ ከዋናው ዘርፍ፣ ከሜጀሩ፣ ጎን የሚያዝ ሁለተኛ ዘርፍ።) እኔም ቀን ሕፃናት ክፍል፣ ማታ ክላስ እያልኩ ያንኑ ነው የተማርኩት። ከላይ «ያዢው፣ ምን ይጎዳሻል» ያሉሽ ሰዎች ከኪሳቸው የከፈሉ አይመስለኝም።

1. ማይነሩ ላይሰንስ (የማስተማር ፈቃድ) አይሰጥሽም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ፕሪኬ (ከኬጂ በፊት ያለውን ክፍል) ለማስተማር ስቴቱ ባጸደቀው የመምህራን ፕሮግራም ማለፍና ክፍል ገብቶ መለማመድ አለ። ያ ከሆነ ሐሳብሽ አሁኑኑ ሜጀር ቀይሪ፣ ወይ ከዲግሪ በኋላ ማስተርስ አስቢ። ለዴይኬር ግን ጥቅም አለው። ሜሪላንድ ዴይኬር ውስጥ ለፕሪስኩል መምህርነት የምትጠይቀው የ90 ሰዓት ስልጠና፣ ስቴቱ በሚቀበላቸው 6 የኮሌጅ ክሬዲቶች ይተካል። 90ውን ለብቻ ገና ካልከፈልሽ አትክፈዪ።

2. ፋይናንሻል ኤይድ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። አራት ክላስ፣ 12 ክሬዲት ያዝኩ፤ ሁለቱ የማይነሩ ናቸው። ለሬጅስትራር (ለምዝገባ ቢሮው) ሙሉ ተማሪ ነኝ። ለፋይናንሻል ኤይድ ግን ግማሽ ተማሪ ሆኜ ተገኘሁ! የፌዴራል እርዳታ የሚታሰበው ለዲግሪሽ በሚቆጠር ክላስ ነው፤ ማይነር ደግሞ ግዴታ ስላልሆነ የሚቆጠርልሽ ክፍት የኢሌክቲቭ (በምርጫ የሚወሰድ ክላስ) ቦታ ካለሽ ብቻ ነው። የኔን ቦታ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያመጣኋቸው ክላሶች ሞልተውታል። ፔል ግራንቴ (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) እኩሌታው ተቆረጠ። የማይነሩን ፎርም የፈረመልኝ አድቫይዘር ስለዚህ ትንፍሽ አላለም፤ «ጎበዝ፣ ለሲቪሽ ያምራል» ብሎ ነው የሸኘኝ።

ከሥራ አስፈቅጄ ቢሮው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኢሜይል ልከንልሻል» አለች። ኢሜይሉ የደረሰኝ ክላስ ጥሎ ገንዘብ የማስመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ይኼን ስላት «ሬጅስትራርን ጠይቂ»፤ ሬጅስትራር ሄድኩ፣ «ፋይናንሻል ኤይድን ጠይቂ»። እንግሊዝኛዬ ሲንተባተብ ሳቅ ያሉትንም አልረሳም። ወንድሜ ተዪው ይለኛል፣ እኔ ግን የምተው ሰው አይደለሁም። ከሁለቱ የማይነር ክላሶች አንዱ፣ ቻይልድ ዴቨሎፕመንት፣ ለሳይኮሎጂም መቆጠር የሚችል ክላስ ስለሆነ ሲላበሱን (የክላሱን የትምህርት ዝርዝር) አተምኩና የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። እሷ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አንብባ ለሜጀሬ እንዲቆጠር ፈረመችልኝ። የዚያ ክላስ ድርሻ ተመለሰልኝ፤ የሌላውን ኦቨርታይም እየሠራሁ በየወሩ ከፈልኩ።

3. የጣት አሻራ። ፕራክቲከም (ክፍል ገብቶ መለማመድ) ስትወጪ ይጠይቁሻል። ለዴይኬሩ የሰጠሽው አሻራ ውጤቱ የሚላከው ላዘዘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለሌላው አያገለግልም፣ እንደገና ከፍለሽ ትሰጫለሽ። ፕራክቲከሙ ደግሞ ቀን ነው። እኔ አለቃዬን ለምኜ ፈረቃ አስቀየርኩ፤ የአንቺ አለቃ እሺ ትል እንደሆነ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂያት። አንዳንድ ኮሌጅ ፕራክቲከሙን ለሜጀር ተማሪዎች ብቻ ነው የሚከፍተው፤ «ለማይነርም ክፍት ነው» የሚለውን በኢሜይል አስጽፊ፣ በአፍ አትመኚ።

አክስቶቼ «አራት ዓመት ተምረሽ ዳይፐር ልትቀይሪ?» ሲሉኝ ነበር። ዛሬ የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል ሊድ ቲቸር (ዋና መምህርት) ነኝ። የሚናከስ ልጅ ሲመጣብኝ ድሮ ቁጣ ነበር የማውቀው፤ አሁን መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲቀድመው እንደሚነክስ እጽፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቃል አጥቶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይኼን ያገኘሁት ከዚያው ማይነር ነው፤ ክላሶቹን አላማም።

ዴይኬር ብቻ ይበቃኛል ካልሽ ግን ሲዲኤ (የሕፃናት ክፍል ሠራተኞች የምስክር ወረቀት) ይቀልሻል፦ 120 ሰዓት ስልጠና፣ 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የሠራሽበት፣ በየሦስት ዓመቱ ማደስ። ዲሲ ውስጥ በአማርኛ የሚያሠለጥኑም አሉ።

ለማንኛውም ፎርሙን ሳትፈርሚ ዲግሪ ኦዲትሽን (የጨረስሽውንና የቀረሽን ክላስ የሚያሳየውን ዝርዝር) አውጪና ስንት ኢሌክቲቭ እንደቀረሽ እዪ። ካልገባሽ ስምሽንና የተማሪ ቁጥርሽን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።