በባዶ ሆዴ ስኳሬ 112 ሆነ፤ እንጀራ ልተው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ሕክምና ሄጄ በባዶ ሆዴ ስኳር ሲለኩኝ 112 ሆነ። «ስኳር አልያዘሽም፣ ግን ጠርዙ ላይ ነሽ፤ ምግብሽን አስተካክዪ» አሉኝ። ምኑን እንደማስተካክል ግን አላወቅሁም። እናቴ ያረፈችው በስኳር ሕመም ስለሆነ በጣም ፈርቻለሁ። ጎረቤቶቼ እንጀራ ተዪ፣ በስኳር ፋንታ ማር ተጠቀሚ፣ አብሽ ጠጪ ይሉኛል። ቤቴ ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ። መድኃኒት ልጀምር?

መልስ፦ እናትዎን ነፍስ ይማር። እሳቸውን በዚህ ሕመም ካጡ በኋላ ይህ ቁጥር ቢያስደነግጥዎ አይፈረድብዎትም። ግን በጊዜ ደርሰውበታል። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው ዓይኑ ሲደክም ወይም እግሩ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲለው ነው።

ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ ሲለካ ከ100 በታች ጤናማ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ የስኳር ሕመም ይባላል። በመሃል ያለው ቅድመ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ስኳርን የሚቆጥረው ከ110 ጀምሮ ነው፤ የእርስዎ 112 በዚያም ቢለካ ይገባል። ሆኖም በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አይደምድሙ። ሕመም ላይ ከነበሩ፣ ወይም እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ፣ ለአለርጂና ለእብጠት የሚታዘዝ የስቴሮይድ መድኃኒት ሲወስዱ ከነበረ፣ ስኳር ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ሌላ ቀን በባዶ ሆድ ይድገሙት። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ ካገኙም ያሠሩ፤ እሱ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ ቅድመ ስኳር ነው።

ሰውነትዎ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ቆሽትዎ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያመርታል፤ ጡንቻና ጉበትዎ ግን እንደ ድሮው አይታዘዙለትም። ስለዚህ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል። ቆሽት ይህን ለማካካስ አብዝቶ ሲሠራ ይኖርና ውሎ አድሮ ይደክማል። እኛ የምንፈልገው ሳይደክም ልንደርስለት ነው። ይቻላልም። በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ3,000 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። አመጋገባቸውን አስተካክለው ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው።

ከስኒው እንጀምር፤ እንደ እኔ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። በቀን ስድስት ስኒ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ፣ በጠቅላላው 12 ማንኪያ ስኳር ይሆናል። አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በቡና ብቻ ወደ 48 ግራም ስኳር ይጠጣሉ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ነው። ሻዩ፣ ለስላሳው፣ ጁሱ ገና አልተቆጠረም! አንድ ጠርሙስ ኮላ ብቻ ወደ 30 ግራም አለው።

ቡናውን ተዪ አልልዎትም። የጅማ ሰው ቡና ተወ ቢባል ማንም አያምንም፤ መተውም አያስፈልግም። ጥፋቱ የስኳሩ ነው። በአንዴ መተው ከከበደዎ ለሁለት ሳምንት በየስኒው አንድ ማንኪያ ያድርጉ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ያለ ስኳር። ምላስ ይለምዳል። ጤና አዳም ጣል ቢያደርጉበት የስኳሩን ናፍቆት ያቀልልዎታል። ስኳሩን በጨው ግን አይተኩት፤ የደም ግፊት ይጠራብዎታል። የቡና ቁርሱም ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ከሚሆን፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሁን።

ማርስ? የአካባቢያችሁ ማር ጥሩ ማር ነው፤ ለደም ስኳር ግን ያው ስኳር ነው። ጁስ ቤት የሚሸጠው አቮካዶም ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም ቪምቶ ይገባበታል። አቮካዶውን በሰላጣ፣ ማንጎና ፓፓያውን ሳይጨመቅ፣ በመጠኑ ይብሉ።

እንጀራ አይተዉ። መጠኑን ነው የሚቀንሱት። ችግሩ ከትሪ አብሮ ሲበላ ምን ያህል እንደጎረሱ አይታወቅም፤ ጉርሻውም አለ። ስለዚህ ለጊዜው ድርሻዎን በሳህን ለብቻ ያውጡ። የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሁን። ሩቡ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አይብ ወይም ሥጋ። የቀረው ሩብ እንጀራ ነው። ድንች፣ ቆጮና የበቆሎ ቂጣ ከእንጀራው ጋር እንጂ ከአትክልቱ ጋር አይቆጠሩም። ሰላጣውን ወይም ጎመኑን ቀድመው ቢበሉ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፍርፍርን በእንጀራ፣ ፓስታን በዳቦ መብላት ግን በጣም የተለመደ፣ በጣምም የሚጎዳ ነገር ነው። እባክዎ ይሄን ይተዉት።

ጾምም ይታሰብበት። የሁዳዴ ምግብ ሽሮና ምስር ስላለው ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ዘይቱና ዳቦው እንዳይበዛ ብቻ። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎቻችን ደግሞ በተምርና በውኃ አፍጥረው፣ ሳምቡሳውንና ጣፋጭ መጠጡን ይቀንሱ።

አሁን ወደ እግርዎ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ኢንሱሊኑ ደካማ ቢሆን እንኳ። ከምሳና ከእራት በኋላ ወዲያው አይቀመጡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራመዱ። ከሱቅ ወደ ቤት ባጃጅ የሚይዙ ከሆነ ግማሹን መንገድ በእግር ይሂዱ። እሁድ ከልጆች ጋር ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን አቀበት ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ሱቅ ውስጥ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ ዕቃ ደርድሩ፣ ቆመው ደንበኛ ያስተናግዱ። እንቅልፍም አይጉደል፤ ዕንቅልፍ ማጣት ሰውነት ኢንሱሊንን እንዳይታዘዝ ያደርጋል። ጫት የሚቅም ሰው እዚህ ጋ ሁለቴ ይጎዳል፦ በሚጠጣው ለስላሳና በሚያጣው እንቅልፍ።

አብሽ በምግብ ቢወስዱ ክፋት የለውም፤ ከላይ ያልኩትን ግን አይተካም። መድኃኒት ለጊዜው የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። በእርግዝና ወቅት ስኳር ኖሮብዎት ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ያኔ ሜትፎርሚን ሊታሰብ ይችላል።

ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱና ስኳርዎን፣ ክብደትዎንና የደም ግፊትዎን ያስለኩ፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ። ውኃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ካመላለስዎ፣ ሳይፈልጉ ከከሱ ወይም ዓይንዎ ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠብቁ። ወንድሞችና እህቶች ካሉዎትም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የአንድ እናት ልጆች ናችሁና እነሱም በባዶ ሆድ መለካት አለባቸው።