ሳይለቀለቅ ሚታጠብ መኪና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሳችን

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ ሪንስለስ እጥበት፣ ማለትም መኪናን ሪንስለስ ሚባል ፈሳሽ በውሃ በተበጠበጠበት አንድ ባልዲ ውህድ አጥቦ ሳያለቀልቁ ስለማድረቅ፣ ሁለት መስመር ብቻ ጣል አድርጌ ነበር። ከዛ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ፣ ግማሹ "እንዴት ነው ሚሰራው" ሚል ነው ግማሹ ደግሞ "መኪናዬን ጫረብኝ" ሚል፣ ስለዚህ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ምኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ መኪናዬ ምትቆመው ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ቧንቧም የለ ቱቦም የለ። ሪንስለስ ልሞክር ስል ባለቤቴ "ውሃ ሳታፈሺበት አቧራውን በፎጣ ልታሺው ነው? ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ በይው" ብሎ አስቆመኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ የፈራው ነገር እውነተኛ ነገር ነው፣ ደረቅ አቧራን በጨርቅ መጥረግ በርግጥም ቀለም ይጭራል። ሰው ሚሳሳተው ግን መኪና ሚጭረው የውሃ ማነስ ይመስለዋል፣ ሚጭረው'ኮ በፎጣውና በቀለሙ መሀል ተይዞ ሚጎተተው ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ይሄ አሸዋ ደግሞ መቶ ሊትር ውሃ ብታፈሺም በቆሸሸ ስፖንጅ ካሸሽው ያው ይጭራል። አብዛኛው መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር ኮት ሚባል ብርሃን ሚያሳልፍ ሽፋን አለው፣ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ የተራ ወረቀት ግማሽ ማለት ነው፣ በቃ እሱን ነው ምንጠብቀው።

ሪንስለሱ ሁለት ስራ ይሰራል። አንደኛ ውሃው አቧራው ስር እንዲገባና እንዲያለሰልሰው ያደርጋል፣ ሁለተኛ ውስጡ ያሉት ፖሊመር ሚባሉ አንሸራታች ንጥረ ነገሮች ቆሻሻውን እየከበቡ ከቀለሙ ላይ ያነሱትና ፎጣው ሲያልፍ አንሸራተው ያሳልፉታል። ሻምፖ ግን ሌላ ነው፣ አረፋው ላዩ ላይ ከደረቀ ይጣበቃል ነጠብጣብ ይሰራል፣ ስለዚህ የግድ በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ሪንስለስ አረፋ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሚተርፈውም ትንሽ ነገር ስለሆነ በማድረቂያው ፎጣ አብሮ ይነሳል።

መጠኑን አደራ አታብዢ። በጣም ታዋቂ ከሆኑት አንዱ ኦፕቲመም ኖ ሪንስ 1 ለ 256 ነው ሚበጠበጠው፣ ማለትም ለ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ። ሌሎቹ የራሳቸው መጠን አላቸው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተዪ። ስትበጠብጪው ምንም የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልሽም፣ ግን እጅሽን ነክረሽ አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን አሻሺ፣ ሙልጭልጭ ሲል ይሰማሻል። እሱን ለባለቤትሽም አስነኪው፣ ከኔ ወሬ ይልቅ እሱ ያሳምነዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አንተ ባልከው ነው የጀመርኩት፣ መኪናዬ ጥቁር ናት፣ ባልዲ ሞልቼ በአንድ ትልቅ ማይክሮፋይበር (ከደቃቅ ክር የተሰራ) ፎጣ ጣሪያዋን ኮፈኖዋን በሮቿን ሁሉ እየነከርኩ አሸሁ፣ ንፁህ ሆነች ግን ማታ መብራት ስር ሳያት ኮፈኖው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ፣ ጥቁር መኪና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት እንዴት እንደሚያናድድ አውቀዋለሁ፣ እኔም የመጀመሪያ ሰሞን አንድ በር ላይ እንደዛ አድርጌ ነበር። ጥፋቱ ፈሳሹ ላይ አይደለም፣ ፎጣዋ አንድ መሆኗ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ያነሳችውን አሸዋ ባልዲው ውስጥ ነክረሃት አልለቀቀችውም፣ ማይክሮፋይበር'ኮ ጭራሽ የተሰራው ቆሻሻ ይዞ እንዲቀር ነው፣ ስለዚህ የጣሪያውን አሸዋ ይዘህ ኮፈኖው ላይ ሄድክ፣ ከዛ ደግሞ እየዞርክ አሸህ።

ከ8 እስከ 10 ትናንሽ ፎጣ ያስፈልግሃል፣ ጠርዛቸው ያልተሰፋ ወይ ለስላሳ የሆነ። ሁሉንም መጀመሪያውኑ ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፋቸው። አንዱን አውጣ፣ ድርቅ እስኪል አትጭመቀው፣ እንዳይንጠባጠብ ብቻ፣ ከዛ ሁለቴ እጠፈው። ሁለቴ የታጠፈ ፎጣ ስምንት ንፁህ ገጽ አለው፣ አንዱን ገጽ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ታሳልፈውና ትገለብጠዋለህ። አንዴ ካሳለፍክ በኋላ ገጹን እየው፣ ያ ግራጫ መስመር አለ አይደል፣ እሱ ነው ኮፈኖህ ላይ ሲሽከረከር የነበረው። ስምንቱም ገጽ ካለቀ ፎጣው ወደ ባልዲው አይመለስም፣ በፍፁም፣ ለብቻው ሌላ ዕቃ ውስጥ ጣለው። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብታስተካክል የባልዲህ ውሃ መጨረሻ ላይም እንደ መጀመሪያው ንፁህ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ እኔ ሁሌ እሱን አይቼ ነው በትክክል ማጠቤን ማረጋግጠው።

ሌላው፣ ከመንካትህ በፊት ርጨው። ያንኑ ውህድ ስፕሬይ ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ምታጥበውን ክፍል በደንብ አርሰውና አንድ ሁለት ደቂቃ ተወው፣ ግን እንዳይደርቅ። ይሄን ብዙ ሰው ጊዜ ማባከን እየመሰለው ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ከማሸቱ ይበልጣል ምክንያቱም ከግማሽ በላይ ስራውን ሚሰራው ቆሞ ሚጠብቀው ፈሳሽ ነው። ከዛ ፎጣውን አሳርፈህ በቀጥታ መስመር ጎትት፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፣ እጅህን አትጫነው። በቀጥታ መስመር ምልህ ድንገት እንኳ ቢጭር ቀጥ ያለ ጭረት ከአንድ አቅጣጫ ካልሆነ ብዙም አይታይም፣ ክቡ ግን ብርሃን ከየትም ቢመጣ ያበራል፣ አንተም ያየኸው እሱን ነው። ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈኖ፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ፣ ከዛ የታችኛው ግማሽና የኋላ ባምፐር። ቸርኬ መጨረሻ፣ በሌላ ፎጣ፣ የፍሬን ብናኝ ብረት ስላለበት በምንም ተአምር ቀለሙ ላይ መመለስ የለበትም።

አንድ ክፍል እንደጨረስክ ወዲያው አድርቅ፣ መኪናውን በሙሉ አጥቤ ነው ማደርቀው አትበል። ለማድረቂያ ወፈር ያለ ደረቅ ፎጣ ዘርግተህ በሁለት እጅህ ወደ ራስህ ጎትተው። ያዝ ያዝ ካደረገህ ትንሽ ውህድ እፍ አድርግበትና ቀጥል።

ስላለው ጭረት፣ በፖሊሽ ይወጣል ግን ፖሊሽ ሚሰራው ያን ቀጭን ሽፋን በትንሹ እየላገ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አስተጣጠብህን አስተካክል፣ ፖሊሹን ከዛ በኋላ አስበው፣ አለበለዚያ በየጊዜው እየላግክ ክሊር ኮቱን ትጨርሰዋለህ።

ጥያቄ፦ ጭቃ መንገድ ስሄድ ነው ምውለው። ለኔም ይሆናል?

መልስ፦ ጭቃው እንዳለ ከሆነ አይሆንም። መለያው እንዲህ ነው፣ ቆሻሻው ስስ ሆኖ ቀለሙን ያደበዘዘ ከሆነ ሪንስለስ ይችለዋል፣ ቆሻሻው ራሱ ውፍረት ካለው፣ እብጥ እብጥ ያለ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ከጎማው ኋላ የተረጨው ሁሉ፣ መጀመሪያ ማንም ጨርቅ ሳይነካው በውሃ መውረድ አለበት። ቱቦ ከሌለህ በእጅ ሚነፋ የመርጫ ጋን አለ፣ አምስት ሊትር ሚይዝ ይበቃል፣ በሱ እየረጨህ ጭቃው ርሶ ራሱ ተንሸራቶ እስኪወድቅ ጠብቅ። ሚወድቀው ካቆመ በኋላ የቀረውን በሪንስለስ ትጨርሳለህ። በረዶ ሚጥልበት አገር መንገድ ላይ ጨው ሚበተንባቸው ሰዎችም እንደዛው፣ በተለይ የመኪናው ሆድ በውሃ መታጠብ ስላለበት ሪንስለስ እዛ አይደርስላቸውም።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችሁ ዋተርለስ ሚባለውን ከዚህ ጋር ትቀላቅሉታላችሁ። እሱ ባልዲ የለውም፣ ተረጭቶ ወዲያው ሚጠረግ ነው፣ ለትንሽ አቧራ ነው ሚሆነው፣ በሱ ጭቃ የነካው መኪና ማጠብ ጭራሽ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ሪንስለስ ማግኘት ካልቻልኩ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣም አቅጥኜ ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። የሳህን ሳሙና ቅባት እንዲያነሳ የተሰራ ነው፣ ሰም የተቀባ መኪና ከሆነ ሰሙን ያዳክምብሻል፣ ደግሞ አንሸራታች ፖሊመር የለውም፣ ካልተለቀለቀም በየስንጥቁና በየጎማ ማኅተሙ ገብቶ ይደርቃል። እስክታገኚ ድረስ ትክክለኛ የመኪና ሻምፖ ተጠቅመሽ በደንብ ማለቅለቅ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የቆየች ቀይ መኪና አለችኝ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብራኝ ያለች ናት። ልጄ ይሄን ውህድ ገዝቶልኝ ሞከርኩት፣ ነገር ግን ፎጣው በሙሉ ቀይ ሆነ። ቀለሟን እየፈታብኝ ነው ወይ? የኋላ ክዳኗ ላይ ደግሞ የተላጠ ቦታ አለ።

መልስ፦ አባቴ፣ አይደንግጡ፣ ፈሳሹ ቀለም አልፈታብዎትም። ድሮ የተቀቡ ብዙ መኪኖች ክሊር ኮት የላቸውም፣ ቀለሙ ራሱ ነው የላይኛው ሽፋን። ፀሐይና አየር ለዓመታት ሲመታው ላዩ ይሞትና እንደ ዱቄት ይሆናል፣ ፎጣዎት ላይ ያዩት እሱ የሞተው ንጣፍ ነው፣ በሻምፖ ቢያጥቧትም ይነሳ ነበር። ቀለሟ የደበዘዘ መስሎ ከታየዎት በስሱ ፖሊሽ ተደርጋ ሰም ብትቀባ በጣም ትመለሳለች፣ ከዛ በኋላ ፎጣው እንደዛ አይቀላም። የተላጠው ቦታ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ጠርዙ ላይ የፎጣው ክር ይያዝና ሌላውንም ቀርፎ ያነሳዋል፣ ስለዚህ እዛ ጋ አይጎትቱ፣ የራሰ ፎጣ አሳርፈው ጫን ጫን እያደረጉ ብቻ ያንሱት። ከወጣትነትዎ ጀምሮ ጠብቀው ያቆይዋትን መኪና አሁንም በገዛ እጅዎ ማጠብዎ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ የኛ ውሃ ከባድ ነው፣ ጀበናው ሁሉ ነጭ ይይዛል። ሪንስለስ ስጠቀምም መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀርብኛል፣ ለምን?

መልስ፦ ነጩ ነገር ውሃው ሲተን ወደኋላ ሚቀረው ማዕድን ነው፣ በዋናነት ካልሲየምና ማግኒዥየም። የተሻሉት ሪንስለሶች ውስጣቸው ያለው ነገር ይሄን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሰዋል ግን ከላዩ ላይ እንዲደርቅ ከተውከው ምንም አያድኑህም። ስለዚህ ጥላ ውስጥ እጠብ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ኮፈኖው እስኪበርድ ጠብቅ፣ የእጅህን ጀርባ አሳርፈህ ሙቀት ከተሰማህ ገና ነው። ሪንስለስ ሚፈልገው አንድ ባልዲ ስለሆነ አንተ ጋ የተጣራ ውሃ መጠቀም እንኳ ይቻላል፣ በቱቦ ለሚያጥብ ሰው ይሄ አይታሰብም። አሁን ያለውን ነጠብጣብ መስታወቱ ላይ ብቻ ነጭ ኮምጣጤ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለህ በጨርቅ ያዝ አድርግበትና መልሰህ በውህዱ ጥረገው። መስታወቱ ነጠብጣብ ሳይሆን ጭጋግ ሚመስል ነገር ከያዘ ግን ያ ሌላ ነው፣ ፈሳሹን አብዝተሃል ማለት ነው፣ ቀንሰው።

ጥያቄ፦ የወፍ ኩስ?

መልስ፦ አትፈግፍጉት፣ ውስጡ ደረቅ ፍሬና አሸዋ አለበት። በውህዱ የራሰ ፎጣ ላዩ ላይ ጣል አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ሲለሰልስ ቆንጥራችሁ አንሱት። ፀሐይ ላይ ውሎ ሳያድር ቢነሳ ነው ሚሻለው፣ ከቆየ ክሊር ኮቱን በልቶ ምልክት ይተዋል።

ጥያቄ፦ አስር ፎጣ እያልክ ነው፣ ከዛ በኋላ ማን ያጥበዋል? ከልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ብጨምረውስ?

መልስ፦ ለብቻው ነው ሚታጠበው፣ ከጥጥ ጋር ካጠብሽው የጥጡን ብናኝ ሁሉ ይሰበስብና በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ላይ ያራግፈዋል። ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የልብስ ማለስለሻ ጭራሽ የለም ምክንያቱም ማለስለሻው ክሩን ይሸፍነውና ውሃ መጠጣቱን ያቆማል። ማድረቂያ ማሽን ካለሽ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ካልሆነ ገመድ ላይ፣ ከፍተኛ ሙቀት የክሩን ጫፍ ያቀልጠውና ያሻክረዋል። የቸርኬውን ፎጣ በቀለም ለዪው፣ እኔ ጥቁሮቹን ለቸርኬ ብቻ ነው ማውላቸው፣ ከሌሎቹ ጋርም አብሬ አላጥባቸውም። አንድ ፎጣ በስራ መሀል መሬት ከወደቀብሽ ደግሞ አራግፈሽ አትቀጥዪበት፣ የቱንም ያህል ንፁህ ቢመስልሽ ወደ ጥቁሮቹ ጣዪውና ሌላ አውጪ።