መልስ፦ ‎-3 + 5 ለምን 1 ይመጣበታል?

እህቴ፣ ልጅሽ ‎-3 + 5ን 1 የሚለው መነሻውን ራሱን ስለሚቆጥረው ነው። በቁጥር መስመሩ (ቁጥሮቹ በተርታ በተጻፉበት መስመር) ላይ ጣቱን ‎-3 ላይ አድርጎ «አንድ» ይላል፣ ‎-2 «ሁለት» እያለ አምስተኛው 1 ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው መልስ 2 ነው።

ቁጥሩን ሳይሆን ዝላዩን ይቁጠር። እርሳሱን ‎-3 ላይ ያስቀምጥና ዝም ይበል። ወደ ‎-2 ሲዘል ነው «አንድ» የሚለው። ዝላዮቹን በትንንሽ ቅስት ቢስላቸው ጥሩ ነው፤ ስንት እንደዘለለ አንቺም ታያለሽ። የሚደመረው ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ወደ ግራ። 4 + (‎-7) ብትሰጪው ከ4 ተነስቶ ሰባቴ ወደ ግራ ዘሎ ‎-3 ላይ ያርፋል።

ኔጋቲቭ ቁጥርን ለማስረዳት የቴርሞሜትር ምሳሌን ተይው። አዳማ ያደገ ልጅ ከዜሮ በታች ብርድ የት ያውቃል? የሱቅ ዱቤ ቶሎ ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የማስጠናቸው ልጆች «ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን የማባዛት ሕግ ለመደመርም ያመጡታል። ‎-2 + (‎-4) ሲባሉ 6 ይሉሻል። እንዲህ ካለሽ አትከራከሪው፣ መስመሩን ስጪው። ከ‎-2 ወደ ግራ አራቴ ዘሎ ‎-6 ላይ ሲደርስ ራሱ ያየዋል።