መልስ፦ በጋውን የሚችለው የምድር ሽኮኮ ነው ወይስ እሬት?

ወንድሜ፣ «የጎንደርን በጋ የበለጠ የሚችለው የምድር ሽኮኮ ነው ወይስ የሰሜን ተራሮች እሬት?» ላልከው፣ እኔ ለእሬት አደላለሁ። ሽኮኮው እግር አለው፤ ፀሐይ ስትከር ጉድጓዱ ይገባል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ዘመዱማ ጭራውን እንደ ጃንጥላ ራሱ ላይ ይዘረጋል! እሬት ግን የት ይሂድ? ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፤ አሲድ አድርጎ ያስቀምጠውና ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራበታል። ቅጠሉን ቆርጠህ እየው። መጀመሪያ የሚወጣው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ከውስጥ ያለው ዝልግልግ ደግሞ የክረምቱ ውሃ ነው። ከሰው እጅ ግን አያመልጥም። ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ለግቢህ ካማረህ ችግኝ ግዛ፤ ከገደል ነቅለህ እንዳታመጣ፣ አደራ።